ሰማይ ሲታረስ፤ የመሬት ምልከታ ሕግ ታሪክ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ሲታይ

መግቢያ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ሁለት የማይቻሉ ነገሮችን አጣምሮ የሚናገር ነው። ከሁለቱ አንደኛው፣ ማለት የሰማዩ ነገር፣ በዘመናችን እንደ ተለወጠ ማንም አይክደውም። ሰማይ ዛሬ ይታረሳል፤ ይኸውም መንግሥታትና የንግድ ኩባንያዎች ወደ ጠፈር በላኳቸው መሣሪያዎች ምድርን ፎቶግራፍ ያነሣሉ፣ የሥራቸውንም ፍሬ በገበያ ይሸጣሉ። ሁለተኛው፣ ማለት የመከሰሱ ነገር ግን፣ ገና ብዙ ክርክር ያለበት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ክርክር ከታሪኩ አንጻር መመርመር ነው።

የጠፈር ሕግ ዛሬ ሰፊ የትምህርት ዘርፍ ሆኗል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሉክሰምበርግም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጧቸው ሕጎች ኩባንያዎች ከጨረቃና ከሌሎች ሰማያዊ አካላት የሚያወጡትን ማዕድን የራሳቸው ለማድረግ እንዲችሉ ፈቅደዋል። ይህ ጉዳይ በዓለም ላይ ብዙ ቀለም ያፈሰሰ ቢሆንም፣ ለወሎ ገበሬ ከጨረቃ ማዕድን ይልቅ የሚቀርበው የገዛ እርሻው ነገር ነው። ስለዚህ ከጠፈር ሕግ ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ መርጠናል፤ እርሱም ከጠፈር ሆኖ የሰውን አገር ስለ ማየትና ያዩትንም ስለ መሸጥ የተደነገገው ነው።

ቦታውንም መወሰን ያስፈልጋል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የተቆረቆረች የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል የዓባይ ሸለቆ ከጎጃም ይለያታል፤ በዙሪያዋም ወግዲ፣ ከለላ፣ ለጋምቦና ሳይንት አሉ፤ ከሳይንት ወዲያ በሰሜን የበሽሎ ወንዝ ይገኛል። ይህ የወሎ ቦረና በደቡብ ኢትዮጵያ ካለው የአርብቶ አደሮች ቦረና ጋር እንዳይምታታ አንባቢን እናሳስባለን። በዚህ አገር የእርሻ መለኪያው ጥማድ ነው፤ ይኸውም አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ሲሆን፣ ወደ ሩብ ሄክታር ግድም ይገመታል። ይህን መለኪያ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ከአውሮፕላን የሚያይና ከጠፈር የሚያይ

የሰውን አገር ከላይ ማየት በጠፈር ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በመጀመሪያው አንቀጽ እያንዳንዱ መንግሥት ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉና ብቸኛ ሉዓላዊነት እንዳለው ይናገራል። በ36ኛው አንቀጽ ደግሞ እያንዳንዱ መንግሥት በግዛቱ ላይ በሚበሩ አውሮፕላኖች ውስጥ የፎቶግራፍ መሣሪያን መከልከል ወይም መቆጣጠር እንደሚችል ይደነግጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1947 የዚህ ስምምነት አባል ሆነች። ስለዚህም የአሜሪካ ባለሙያዎች በ1950ዎቹ ዓ.ም. የዓባይን ተፋሰስ ባጠኑ ጊዜ የመጡት በመንግሥቱ ስምምነት ነበር፤ የጥናቱም ውጤት እ.ኤ.አ. በ1964 በብዙ ጥራዝ ታትሞ ቀረበ። ማየት የፈለገ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ያየውንም ለባለቤቱ ያስረክባል። የአየር ሕግ ሥርዓት ይህ ነበር።

መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ጠፈር በላከች ጊዜ ይህ ሥርዓት ሳይሻር ታለፈ። ያቺ ሰው ሠራሽ ጨረቃ የብዙ አገሮችን ሰማይ ያለ ፈቃድ አቋርጣ ስትዞር አንድም መንግሥት ሉዓላዊነቴ ተደፈረ ብሎ በሕግ አልተቃወመም። ከዚህ ዝምታ አንድ ልማድ ተወለደ፤ ልማዱም ከ10 ዓመት በኋላ በጽሑፍ ሰፈረ። እ.ኤ.አ. በ1967 ለፊርማ የቀረበው የጠፈር ውል በመጀመሪያው አንቀጽ ጠፈር ለሁሉም መንግሥታት ነጻ መሆኑን፣ በሁለተኛው አንቀጽ ማንም መንግሥት ጠፈርን የግሉ ግዛት ሊያደርግ እንደማይችል ደነገገ። ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት ውሉን ከፈረሙት አገሮች አንዷ ነበረች።

በውሉ ውስጥ ለንግድ ዘመን መሠረት የሆነው ግን 6ኛው አንቀጽ ነው። ሶቪየት ኅብረት በጠፈር የሚሠሩት መንግሥታት ብቻ ይሁኑ ስትል፣ አሜሪካ ደግሞ የግል ድርጅቶች እንዳይከለከሉ ትሟገት ነበር። የተገኘው መካከለኛ መንገድ የግል ድርጅት በጠፈር መሥራት ይችላል፣ ነገር ግን መንግሥቱ ሊፈቅድለትና ዘወትር ሊቆጣጠረው ይገባል፣ ለሥራውም በዓለም ፊት ኃላፊ የሚሆነው መንግሥቱ ነው የሚል ነው። በጊዜው ይህ ሐረግ ብዙ አላነጋገረም፤ ምክንያቱም ከመገናኛ ሳተላይት በቀር ወደ ጠፈር የሚወጣ የግል ኩባንያ ገና አልነበረም።

እንግዲህ በአንድ መሬት ላይ ሁለት ሕግ ሆነ። በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለ ካሜራ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በ900 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ግን ማንንም አይጠይቅም።

የ1965ቱ ረኃብና ያልተጠየቀው ካሜራ

ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. አሜሪካ በኋላ ላንድሳት 1 የተባለችውን የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ላከች። ሳተላይቷ በየ18 ቀኑ ወደ አንድ ቦታ እየተመለሰች የምድርን ገጽ ለመቃኘት የተሠራች ነበረች። በእነዚያው ወራት በወሎ ዝናብ ጠፍቶ ነበር። ወሎ ከዚያ በፊትም በ1958 ዓ.ም. ግድም ተርቦ፣ የረኃቡም ወሬ ወደ መሐል አገር የደረሰው እጅግ ዘግይቶ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ1965 ዓ.ም. ግን ሕዝቡ ወደ ዋናው መንገድ ወርዶ በየከተማው ዳር ወደቀ፤ ብዙ አሥር ሺህ ሰውም አለቀ። መንግሥቱም ነገሩን ለመሸፈን ሞከረ።

የመሸፈኛውን ጨርቅ የገለጠው ከሰማይ የመጣ ምስል አልነበረም። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሧቸውን ፎቶግራፎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለእይታ አቀረቡ፤ ተማሪውም አይቶ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለሕዝብ ቀረበ። እነሆ፣ «ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው በፎቶግራፍ ተከሰሰ።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል። ላንድሳት ያን ጊዜ ከላይ የምትዞር ከሆነ ስለምን ምስክር አልሆነችም? መልሱ ሦስት ነው። በመጀመሪያ፣ በመሣሪያዋ የምትለየው ትንሹ የምስል ነጥብ 80 ሜትር በ80 ሜትር ግድም ስለ ነበር አንዱ ነጥብ ብቻ ሁለት ጥማድ ተኩል መሬት ይውጣል፤ የአንድ ገበሬ ማሳ በውስጡ ጠፍቶ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ምስሉን አንብቦ ወደ ረኃብ ማስጠንቀቂያ የሚተረጉም የታወቀ ሥርዓት ገና አልተደራጀም ነበር። ሦስተኛና ለእኛ ዋና የሆነው፣ ያየ ለታየው እንዲናገር የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። የ1967ቱ ውል የማየትን ነጻነት እንጂ የመናገርን ግዴታ በግልጽ አልደነገገም።

የፈቃድ ክርክር

ላንድሳት ከተላከች ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጠፈርን ሰላማዊ አጠቃቀም በሚመለከተው ኮሚቴ ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነሣ። አርጀንቲናና ብራዚል፣ ከእነርሱም ጋር ብዙ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች፣ የአንድ አገር የተፈጥሮ ሀብት የዚያ አገር ስለ ሆነ ስለ ሀብቱ የሚገኘው ዕውቀትም የአገሩ ነው፣ ያለ ፈቃድም ለሦስተኛ ወገን ሊሰጥ አይገባም ሲሉ ተከራከሩ። ስጋታቸውም መሠረት ነበረው፤ የማዕድን ኩባንያ የአገሩን መሬት ከአገሩ መንግሥት ይልቅ አብልጦ አውቆ ለድርድር ከተቀመጠ ድርድሩ እኩል አይሆንም። ሶቪየት ኅብረትና ጓደኞቿ እ.ኤ.አ. በ1978 በሞስኮ ባደረጉት ስምምነት ከ50 ሜትር ይበልጥ ጥራት ያለው መረጃ ከታየው አገር ፈቃድ ውጭ እንዳይተላለፍ ወሰኑ። አሜሪካ በበኩሏ መረጃው ለሁሉም ክፍት እስከ ሆነ ድረስ ማንም አይጎዳም አለች።

ክርክሩ ከ10 ዓመት በላይ ከፈጀ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1986 በቁጥር 41/65 ውሳኔ 15 መሠረተ ሐሳቦችን ያለ ድምፅ ቆጠራ አጸደቀ። በዚህ ውሳኔ የቅድሚያ ፈቃድ ጥያቄ ወደቀ። በምትኩ ለታየው አገር ሦስት ነገር ተሰጠው። 12ኛው መሠረተ ሐሳብ የታየው መንግሥት ስለ ግዛቱ የተሰበሰበውን መረጃ ያለ አድልዎና በተመጣጣኝ ዋጋ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። 13ኛው የታየው መንግሥት ሲጠይቅ ያየው እንዲመካከረው ያዛል። 11ኛው ደግሞ የተፈጥሮ መቅሠፍት የደረሰበትን ወይም ሊደርስበት የተቃረበውን አገር የሚጠቅም መረጃ በእጁ ያለው መንግሥት በተቻለ ፍጥነት ያስተላልፍለት ዘንድ ይጠይቃል።

ይህ 11ኛው መሠረተ ሐሳብ ከ14 ዓመት በፊት ቢጻፍ ኖሮ ለወሎ የተጻፈ ይመስል ነበር። ነገር ግን የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ እንደ ውል በፊርማ አያስርም፤ ክብደቱ መንግሥታት እያከበሩት በሚሄዱት መጠን ነው።

የ1977 ዓ.ም. ትምህርት

ውሳኔው ከመጽደቁ ከሁለት ዓመት በፊት ወሎ ዳግመኛ ተርቦ ነበር። በዚህ ጊዜ የተገኘው ትምህርት ከ1965 ዓ.ም. የተለየ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ስለ አደጋው አስቀድሞ ለዓለም ተማጽኖ አቅርቦ ሳለ መልሱ ዘገየ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984 የማይክል በርክና የሞሐመድ አሚን የቆረም ዘገባ በቢ.ቢ.ሲ. ከታየ በኋላ ግን ዓለም ተንቀሳቀሰ። እንግዲህ የጎደለው ማወቅ ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ሆኖም የማወቂያው መንገድ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ተለወጠ። የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 የረኃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትን አቋቋመ። የሥርዓቱ አንዱ ምሰሶ የአየር ጠባይ ሳተላይቶች የሚለኩት የልምላሜ ልክ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ዓይን የማያየውን ታሕተ ቀይ ጨረር ግን ያንጸባርቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ መሬቱ ለምልሟል፣ ሲጠብም ደርቋል ማለት ነው። ይህን ልክ ካለፉት ዓመታት ጋር አስተያይቶ መኸሩ ከመድረሱ በፊት የሚመጣውን መገመት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ይህ መለኪያ ዕጹብ ድንቅ መድኃኒት አይደለም። የእነዚያ ሳተላይቶች የምስል ነጥብ 1.1 ኪሎ ሜትር በ1.1 ኪሎ ሜትር ግድም ስለ ነበር አንዱ ነጥብ ወደ 480 ጥማድ ያጠቃልላል። በዚህ ስፋት ውስጥ የደጋው ገብስ፣ የገደሉ ቁጥቋጦና የቆላው ጤፍ ተቀላቅለው አንድ ቀለም ይሆናሉ። በክረምት ደመናው ሳተላይቱን ያሳውረዋል። ደግሞም በለጋምቦና በመሰለው ከፍተኛ ደጋ ብዙ ገበሬ የሚታመነው በበልግ ዝናብ ነው፤ የክረምቱን ልምላሜ ብቻ አይቶ አገሩ ደኅና ነው የሚል የሩቅ ተመልካች ይሳሳታል። ከሰማይ የሚታየው ልምላሜ ነው፤ ጎተራው አይታይም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ስለ ነበረው የገጠር የረኃብ ተጋላጭነት በጻፉት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ረኃብ የዝናብ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ገበሬውን ያለ ጥሪት ያስቀረው ሥርዓት ውጤት ነው።

ምስሉ ወደ ገበያ ሲወጣ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ መንግሥታት ነው። ገበያው የመጣው በዚሁ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ዋዜማ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ላንድሳትን ወደ ንግድ የሚያዛውር ሕግ አወጣ፤ ሥራውም ኢኦሳት ለተባለ ኩባንያ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ የአንድ ምስል ዋጋ እየናረ ከ4,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ደረሰ። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ1986 ስፖት 1 የተባለችውን ሳተላይት ልካ ምስሏን በዓለም ገበያ መሸጥ ጀመረች። በዚያው ዓመት የጸደቀው 12ኛው መሠረተ ሐሳብ «ተመጣጣኝ ዋጋ» ሲል ዋጋው ስንት እንደሆነ አልተናገረም። ለአንድ ድሀ አገር የግብርና መሥሪያ ቤት የ4,000 ዶላር ምስል በሕግ የተፈቀደ፣ በተግባር ግን የተከለከለ ነበር።

የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 ስሕተቱን አርሞ ላንድሳትን ወደ መንግሥት እጅ መለሰ፤ በዚያው ሕግ ግን ለግል ኩባንያዎች የራሳቸውን ሳተላይት የሚያቆሙበትን የፈቃድ በር ከፈተ። በዚህ በር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ኢኮኖስ ወጣች፤ አንድ ሜትር ያህል ጥራት ያለውን ምስል ለፈለገ ሁሉ የምትሸጥ የመጀመሪያዋ የንግድ ሳተላይት እርሷ ናት። ዛሬ ኩባንያዎች ከግማሽ ሜትር የሚያንስ ነገር የሚለዩ መሣሪያዎች አሏቸው፤ ሌሎችም ብዙ ትናንሽ ሳተላይቶችን አሰልፈው አብዛኛውን የምድር ገጽ በየቀኑ ይቃኛሉ። በሌላ በኩል የላንድሳት ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በነጻ ተለቀቁ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሴንቲኔል 2ን ምስል ያለ ዋጋ ይሰጣል።

አሁን ወደ ጥማዱ እንመለስ። ሩብ ሄክታር የሆነች አንዲት የቦረና ማሳ በላንድሳት 1 ዘመን ከአንድ የምስል ነጥብ ታንስ ነበር፤ ስለዚህ የለችም ማለት ይቻላል። በሴንቲኔል 2 በ25 ነጥብ ትታያለች። በግማሽ ሜትር የንግድ ምስል ደግሞ 10,000 ነጥብ ትሆናለች፤ እርከኑ፣ የድንጋይ ካቡ፣ የጭድ ክምሩ፣ የቤቱም ጣሪያ ይለያል። የሕጉ ቃል ግን እ.ኤ.አ. በ1986 ከተጻፈው አንዲት ፊደል አልተለወጠም። ያን ጊዜ ተከራካሪዎቹ «የታየው መንግሥት» ሲሉ ስለ ሰፊ አገርና ስለ ማዕድን ሀብት ያስቡ ነበር፤ ዛሬ የሚታየው የአንድ ሰው ጓሮ ነው።

ከዚህም የባሰ ክፍተት አለ። መሠረተ ሐሳቦቹ ጥሬውን መረጃ ከተተነተነው ዕውቀት ይለያሉ። ለታየው አገር ይገባዋል የተባለው የተተነተነ ዕውቀት በምልከታው ተካፋይ በሆነ መንግሥት እጅ ያለው ብቻ ነው። በኩባንያ እጅ ያለው በዚህ ቃል ውስጥ አይገባም። በንግድ ዘመን ደግሞ ዋጋ ያለው ነገር ትንታኔው ነው፤ የዘንድሮ ስንዴ ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ ነጋዴ ከማያውቀው ገበሬ ጋር እኩል አይገበያይም። የ6ኛው አንቀጽ የመንግሥት ቁጥጥርም በየአገሩ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ ቁጥጥሩ በአብዛኛው የሚያየው የፈቃድ ሰጪውን አገር ጸጥታ እንጂ የታየውን ሰው ጥቅም አይደለም።

ገበያው ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። በዚያኛው፣ በደቡቡ ቦረና፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሳተላይት የሚለካ የግጦሽ ልምላሜን መሠረት ያደረገ የከብት መድን ለአርብቶ አደሮች ቀርቧል። የግጦሹ ልክ ከተወሰነው ሲወርድ ካሳ ይከፈላል፤ የሞተ ከብት መቁጠር አያስፈልግም። በአማራ ክልልም ሆነ በሌላው አገር ለገበሬው የይዞታ ደብተር ሁለተኛ ደረጃ ልኬት ሲደረግ ባለይዞታውና ድንበርተኞቹ ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት በተነሣ ምስል ላይ ወሰናቸውን በጣታቸው እያመለከቱ ይመዘገባል። በዚህ ጊዜ የታየው ሰው የምስሉ አንባቢ ይሆናል፤ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ኢትዮጵያም አየች

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከቻይና የታይዩዋን ማስወንጨፊያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ላከች። ሳተላይቷ 70 ኪሎ ግራም ግድም ትመዝን ነበር፤ የምስል ነጥቧ 13.7 ሜትር ስለ ሆነ አንዲት ጥማድ በ13 ነጥብ ትታይ ነበር። መረጃው የሚቀበለው በእንጦጦ ነበር፤ ከወጪውም የሚበልጠውን ቻይና እንደ ሸፈነች ተነግሯል። በተከታዩ ዓመትም አንዲት ትንሽ ሁለተኛ ሳተላይት ተከተለቻት።

በዚህ ሥራ አገራችን በሕግ ፊት ያላት ቦታ ተለወጠ። እስከዚያ ቀን «የታየች» ብቻ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ «ያየች» ሆነች። ሳተላይት የምድር ድንበር ስለማያውቅ የጎረቤቶቻችንን መሬት ማየትም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1972 የተፈረመው የኃላፊነት ስምምነት ሳተላይት ያስወነጨፈውን ብቻ ሳይሆን ያስላከውንም መንግሥት ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርጋል። መብት የሚጠይቅ ግዴታንም መቀበል እንዳለበት ሕጉ በዚህ ያስተምራል።

ፈቃድ ወይስ የመናገር ግዴታ

አንዳንድ ጸሐፊዎች በንግዱ ዘመን የደረሰውን ክፍተት አይተው የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቅድሚያ ፈቃድ ሐሳብ ይመለስ ይላሉ። ይህ ሐሳብ በሉዓላዊነት ስም ስለሚናገር ለጆሮ ደስ ይላል። የወሎ ታሪክ ግን አያጸድቀውም። በ1965 ዓ.ም. ፈቃድ ቢጠየቅ ኖሮ የሚጠየቀው ማን ነበር? የቦረና ወይም የሳይንት ገበሬ አይደለም፤ ረኃቡን ለመሸፈን ይሞክር የነበረው መንግሥት ነው። ፈቃድ የመንግሥት ሲሆን የመሸፈኛ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም የአሜሪካኖቹ «መረጃው ክፍት ይሁን» የሚለው ክርክር በወሎ ታሪክ አልተረጋገጠም። ሰማዩ ክፍት ነበር፤ ሕዝቡ ግን አለቀ።

የነጻ መረጃ ዘመንም አስተማማኝ መሠረት የለውም። ላንድሳትና ሴንቲኔል በነጻ የሚሰጡት በውል ተገድደው ሳይሆን በየመንግሥቶቻቸው ፖሊሲ ነው፤ ፖሊሲም ይለወጣል። ከ1977ቱ ረኃብ ማግሥት የተወለደው የረኃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ በታገደ ጊዜ አብሮ ሥራው ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ለ40 ዓመት ያህል የተለመደ አገልግሎት በአንድ ትእዛዝ ሲዘጋ ማንም በሕግ ሊከሰስ አልቻለም። ይህ የ11ኛው መሠረተ ሐሳብ ድካም በግልጽ የታየበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ የጎደለው የመከልከል መብት ሳይሆን የመናገር ግዴታ ነው ብለን እናምናለን። ማየት ነጻ ይሁን፤ ያየ ግን ለታየው ይንገር። ይህ በሦስት መንገድ ሊፈጸም ይችላል። አንደኛ፣ ለኩባንያዎች ፈቃድ የሚሰጡ መንግሥታት በፈቃዱ ውስጥ የረኃብና የመቅሠፍት ምልክት የሚያሳይ ትንታኔ ለሚመለከተው አገር እንዲሰጥ የሚያዝ አንቀጽ ቢያስገቡ 6ኛው አንቀጽ ሕይወት ያገኛል። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በካይሮ የተመረቀው የአፍሪቃ የጠፈር ድርጅት የአባሎቹን ድምፅ አስተባብሮ መረጃን በጋራ ሊገዛና ሊደራደር ይችላል። ሦስተኛ፣ አገራችን ራሷ የምታየውን ለወረዳና ለቀበሌ የምታደርስበትን ደንብ ብታወጣ ለሌሎች የምትጠይቀውን በቤቷ መፈጸም ትጀምራለች።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው የመሬት ምልከታ ሕግ በአራት ደረጃ አልፏል። በቺካጎ ዘመን ፈቃድ ነበር፤ ከስፑትኒክ በኋላ ነጻነት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ነጻነቱ ከማካፈል ተስፋ ጋር ተጣመረ፤ በንግዱ ዘመን ደግሞ ተስፋው በዋጋና በፖሊሲ እጅ ወደቀ። በአራቱም ደረጃ ገበሬው በስም አልተጠራም።

ሕግ ዘግይቶ እስኪደርስ ድረስ ለተማሪ የሚቀር ሥራ አለ። ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው፤ በደሴም የወሎ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። የነጻው ምስል ክፍት ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ አንድ የጂኦግራፊ ወይም የግብርና ተማሪ የለጋምቦን በልግ ካለፉት ዓመታት ጋር አስተያይቶ፣ ወደ ማሳው ወርዶ ከገበሬው ቃል ጋር አመሳክሮ፣ ያገኘውን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ሊያቀርብ ይችላል። በ1965 ዓ.ም. የኛን መሰል መምህራንና ተማሪዎች ከሳተላይት ይልቅ በእጃቸው በያዟት ካሜራ እውነቱን ገለጡ። ያን ጊዜ ካሜራዋ በአገሩ መንገድ ላይ ቆማ ስለ ነበር የረኃቡን ፊት አየች። ዛሬ ካሜራው ከሰማይ ሆኖ አንዲቷን ጥማድ ለይቶ ያያል፤ ያየውን ወደ ጥማዷ ባለቤት የሚያወርደው ሰው ግን አሁንም በእግሩ መሄድ ይኖርበታል።